የአቡ ነዋፍ ዘመቻ

ባለቤቴ ሙሄ ሳውዲ ውስጥ መኪና ይነዳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማው ግን እረኛ ነው ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአል-ኹባ ፍየል እየጫነ ጂዛን ገበያ ሲያራግፍ ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ሥራውና ኢቃማው የማይገጥም የውጭ ሰው ሁሉ ወረቀቱን እንዲያስተካክል የምሕረት ጊዜ ተሰጠ። ጊዜው የሚያልቀው ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሑድ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍተሻ ነው። ከፍተሻ በኋላ ተርሒል የሚሉት ማቆያ፣ ከማቆያው በኋላ አውሮፕላን።

እኔ ይህን ሁሉ ምሕረቱ በታወጀ ዕለት በሐሳቤ አይቼ ጨርሼ ነበር። ለሙሄ ትንሽ ሻንጣ አዘጋጀሁ፤ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ እናቴ ዘንድ ያለችውን የልጃችንን የዘሃራን ፎቶ ከተትኩና ከበሩ ጀርባ አስቀመጥኩት። ሙሄ ንጹሕ ካልሲ ባጣ ቁጥር ከሻንጣው እያወጣ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ አጥቤ እመልሳለሁ።

ጡዋል መንገድ ላይ ፖሊሶች ቢያስቆሙት ምን እንደሚል ስጠይቀው፣ ፍየሎቹን አሳያቸዋለሁ አለኝ። «እረኛ ነኝ እላለሁ። እነሱ ቆመው ይሄዳሉ፣ እኔ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ሌላ ልዩነት የለንም።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

ካርዱን ከእረኛ ወደ ሾፌር ማስቀየር የሚችለው ከፊላችን፣ ማለት ዋስና አሠሪያችን፣ አቡ ነዋፍ ብቻ ነው። ሁለታችንም ኢቃማ የያዝነው በእሱ ስም ነው፤ ሙሄ መኪናውን ይነዳል፣ እኔ ቤቱን አጸዳለሁ። የሚጠበቅበት አንድ ጠዋት ጃዋዛት፣ ፓስፖርት ቢሮው፣ ሄዶ አንድ ቦታ መፈረም ነው። አቡ ነዋፍ ደግሞ ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ይለመናል፣ ይለቀስበታል። ደግ ሰው «ኢንሻአላህ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምን ተብሎ ይነዘነዛል።

ችግሩ ላፕቶፑ ነበር። ሪያድ የሚማረው ልጁ ለዒድ አል-ፈጥር መጥቶ አባቴ እንዳይሰለቸው ብሎ አንድ ጨዋታ ጭኖለት ሄደ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንግዳ መቀበያው ከመጅሊሱ ፍራሽ የሚነሳው ለሶላትና ለምግብ ብቻ ሆነ።

ጨዋታው ከላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት አገር ነው። ገበሬዎች አሉ፤ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ፣ ያርሳሉ። እነሱ በሰበሰቡት ቤት ይሠራል፣ ግንብ ይቆማል፣ ወታደር ይመለመላል። ከዚያ ጠላት ይመጣል፤ ወይ ያፈርስሃል ወይ ታፈርሰዋለህ። ተራ የሚባል ነገር የለም። አንተ ቁጭ ብለህ ስታስብም ጊዜው ይሄዳል፣ ጠላትም ይሠራል። ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል ዘመቻ ይባላል፤ አሥራ አራት ምዕራፍ አለው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም።

ሙሄ ስለ ካርዱ ሲጠይቀው አቡ ነዋፍ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ ዘመቻው ይለቅ፣ ወላሂ በማግሥቱ ጃዋዛት ነኝ አለው። ሙሄ ተደስቶ መጣ። እኔ ግን መጅሊሱን ሳጸዳ አየሁ፤ አቡ ነዋፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊትም ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር።

በየቀኑ የሚያደርገው አንድ ነው። ወታደሮቹን ሰብስቦ ወንዙን ያሻግራል፤ ወንዙ ማዶ ያልቃሉ። እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ያሻግራል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በፊት ረጅም ጽሑፍ ይወጣል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አቡ ነዋፍ እንደ ማስታወቂያ ይዘጋዋል። እኛ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ተናገሪ ብትሉኝ አፌ ይተሳሰራል፤ አንብቢ ብትሉኝ ግን አነባለሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛውን እየወለወልኩ አነበብኩት። ድልድዩን ሃያ ደቂቃ ጠብቅ፣ ወንዙን እንዳትሻገር ይላል።

ሦስት ቀን ታገስኩ። የቤት ሠራተኛ በጨዋታ ገባች ተብሎ ቢቆጣ፣ ተቆጥቶም ሁለታችንንም ቢያሰናብት፣ ሐይቅ ተመልሰን ምን እንደምንሠራ፣ የዘሃራ ትምህርት ምን እንደሚሆን ሁሉ አሰብኩ። በአራተኛው ቀን ቢሮ የሚዘጋበት ዒድ አል-አድሐ እስኪደርስ የቀረውን ጊዜ በጣቴ ቆጠርኩና ተናገርኩ።

«ወንዙን አትሻገር ነው የሚለው» አልኩት።

መጥረጊያው የተናገረ ይመስል ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ጽሑፉን እንደገና አውጥቶ አስነበበኝ። ሃያ ደቂቃ ጠበቀ፤ ምዕራፉ አለቀ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ሥራ ላይ የዋለው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ማንበብ ሆነ። ነገር ግን ማንበብ ብቻውን አልበቃም፤ አቡ ነዋፍ ወንዝ ካየ አያስችለውም። ስለዚህ ማውሱን እኔ ያዝኩ፣ እሱ አጠገቤ ሆኖ ያዛል። ሚስቱ ኡም ነዋፍ ይህን ስትሰማ በሩ ክፍት ይሁን አለች፤ እሷም ስፌቷን ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ወጡን ማን እንደሚሠራ ስትጠይቅ አቡ ነዋፍ ከሆቴል ይምጣ አለ። በአንድ በኩል ተገላገልኩ፣ በሌላ በኩል ኢቃማዬ ላይ የተጻፈውን ሥራ መሥራት ማቆሜ አሳሰበኝ።

ዘመቻውን ወደድኩት ብል ውሸት አይሆንም። ጠላት በስምንተኛው ደቂቃ በሰሜን በኩል እመጣለሁ ካለ በስምንተኛው ደቂቃ በሰሜን በኩል ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ቃሉን የሚያከብር ጠላት በኑሮዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ ግን በደቡብም ግንብ ሠራሁ። አቡ ነዋፍ በደቡብ በኩል እኮ ባሕር ነው አለኝ። ባሕርም ቢሆን አልኩት። በግንቡ ውስጥ ሌላ ግንብ አቆምኩ፤ በመካከላቸው ጎተራ አደረግሁ። አንድም ገበሬ ከበር ውጭ አላሳደርኩም። ደግሞ ስህተት ከተሠራ ጨዋታውን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ሰው ያላለቀበት፣ በሩ ያልተሰበረበት ደቂቃ ላይ ያደርስሃል። ይህ ነገር ጃዋዛት ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ።

እሑድ ጥቅምት 17 አሥራ አራተኛው ምዕራፍ አለቀ። ላፕቶፑ ርችት ተኮሰ፤ አቡ ነዋፍ ኡም ነዋፍን ጠርቶ ርችቱን አሳያት። ምሕረቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ማታውኑ ለሙሄ ጉርድ ፎቶውን አዘጋጅቼ ሸሚዙን ተኮስኩ።

ሰኞ ጠዋት አቡ ነዋፍ ከፍራሹ አልተነሳም። ለካ ዘመቻው ልምምድ ኖሯል። ዋናው ጉዳይ አሕመድ ነው። አሕመድ የኡም ነዋፍ ወንድም ነው፤ ሀሩብ የሚባለው ተራራ ላይ ይኖራል። ጨዋታው በተጫነበት በዒዱ ሰሞን በኢንተርኔት ገጥሞት ሠላሳ አንድ ጊዜ አሸንፎታል፤ በእያንዳንዱ ድል ግጥም እየገጠመ ለቤተሰቡ ሁሉ በስልክ ይልካል። አንድ ጊዜ ብቻ ልርታው አለኝ አቡ ነዋፍ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ጃዋዛት። ምሕረቱ የሚያልቀው እሑድ እንደሆነ፣ ያን ቀን ግን ሰልፉ እንደማያስጠጋ ነገርኩት። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ስለሆነ የቀረን እስከ ሐሙስ ስምንት ሰዓት መሆኑንም ነገርኩት። «ኢንሻአላህ» አለ።

ከሰው ጋር መጫወት ሌላ ነገር ነው። የሚነበብ ጽሑፍ የለም። በየት ይመጣል፣ መቼ ይመጣል የሚል የለም። ወደ ኋላ መመለስም የለም፤ የፈረሰው ፈረሰ። በሰሜን ከበሮ ያስመታና በምሥራቅ ይገባል። ሰኞ ተሸነፍን። ማክሰኞ ግንቡን እጥፍ አደረግሁት፤ አሕመድ አላጠቃም፤ ከውጭ ያለውን ወርቅና እንጨት ሁሉ ወሰደና በግንቤ ውስጥ አስርቦ ጨረሰኝ። ማታ ለሙሄ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ እኔ ስለማልስቅ ተወው። ሻንጣውን ከፍቼ ካልሲ ጎድሎ ስላገኘሁ አንድ ጥንድ ጨመርኩ።

ረቡዕ ጠዋት በጨዋታው መካከል አቡ ነዋፍ አሕመድን ሊሰድብ የጨዋታውን የድምፅ መነጋገሪያ ከፈተው። አሕመድም ከወዲያ መለሰ። ሁለቱ ለትንፋሽ ዝም ባሉበት ቅጽበት ከአሕመድ ኋላ ቀስ ያለ የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ በአማርኛ ለራሷ ታጉረመርማለች። እንጨት አልቋል፣ ሰውዬው ፈረስ ፈረስ ይላል፣ ፈረሱን በምን ልሥራው ትላለች። አነጋገሯ የወሎ ነው።

ሠላሳ ሦስት ጊዜ ያሸነፈን አሕመድ አልነበረም ማለት ነው።

አቡ ነዋፍ ወደ ላፕቶፑ ስጠጋ አይቶ ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። የአሕመድን ሠራተኛ ልሰድባት ነው አልኩት። ደስ አለው፤ ላፕቶፑን ወደ አፌ አስጠጋልኝ። ቆጣ ባለ ድምፅ «አንቺ ማነሽ?» አልኩ።

ወዲያ ማዶ አሕመድ በዐረብኛ ሲያጣድፋት ተሰማ። ከዚያ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሀዋ ነኝ። ሰውዬው ምን አለችሽ እያለኝ ነው፤ ምን ልበለው?» አለች።

«እየሰደበችኝ ነው በይው። አንቺም ስደቢኝ፣ ጮክ በይ። አገርሽ የት ነው?»

«ባቲ» አለች፣ ሊደበድብ እንደመጣ ሰው።

«ሐይቅ» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። አቡ ነዋፍ አብዢበት አለኝ። ከወዲያም አሕመድ እንዳትሸነፊ እያለ ሲያደፋፍራት ይሰማል።

እንዲህ እየተጯጯህን ታሪኳን ነገረችኝ። የሁለት ዓመት ውሏ ያለቀው ሚያዝያ ላይ ነው። ወደ አገሯ መግባት ትፈልጋለች፤ የመውጫ ወረቀቱን የሚያወጣው አሕመድ ነው። አሥር ጊዜ አሸንፊልኝና ኹሩጅሽን እሰጥሻለሁ ብሏት ነበር። አሥር ሲሞላ ሃያ አላት፤ ሃያ ሲሞላ መቁጠር አቆመ። እሷም አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ የምታነብለት እሷ ናት።

እኔ ከሰው ክፉውን መጠበቅ ስለማይከብደኝ የአሕመድ ነገር ወዲያው ገባኝ። ጣቴን ወደ ላፕቶፑ ቀሰርኩ።

«ልጄ፣ የሚያሸንፍለትን ሠራተኛ ማን ይለቃል? እንዲህ እያሸነፍሽ ሀሩብ ላይ ታረጃለሽ። ተሸነፊ።»

«ቢቆጣስ? ቢያባርረኝስ?»

«ታዲያ የምትፈልጊው ምን ነበር?»

ሳቅ ሲያመልጣት ወደ ሳል ስትለውጠው ሰማሁ። የዕለቱ ጨዋታ ከእጄ ስለወጣ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በምንጀምረው፣ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በሯን ከፍታ ወታደሮቿን ወደ ዳር እንደምትልክ ተስማማን። ምን እንዳልኳት አቡ ነዋፍ ሲጠይቀኝ እስከ ሰባት ትውልዷ አልተውኳትም አልኩት። እሷም ለአሕመድ ስምንት ብላው ኖሯል።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሀዋን አላውቃትም። ብትዋሸኝስ? በሩን ከፍታ በሌላ በኩል ፈረሰኛ ብትልክብኝስ? አሕመድ አማርኛ ቢያውቅስ? ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ስንጀምር ይህ ሁሉ ሥጋት እጄን እየመራው ነበር። አንድ ግንብ ሠራሁ፣ ሁለተኛ ሠራሁ፣ ሦስተኛ ደገምኩ። የአቡ ነዋፍን ነጠላ ጫማ፣ ሻሹንና መታወቂያውን ከጨዋታው በፊት ፍራሹ አጠገብ ደርድሬያለሁ፤ ሙሄ መኪናውን በር ላይ አስነስቶ ይጠብቃል።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የሀዋ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ወታደሮቿ ተሰልፈው ወደ አገሩ ዳር ሄዱ።

«ነይ እንጂ» ብላ ጮኸችብኝ።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ስንት ወታደር አለሽ?» አለች።

«አንድም የለኝም።»

«አንድም?»

«ግንብ አለኝ።»

«እታለም፣ ግንቡን ተሸክመሽ ልትመጪ ነው?»

እውነቷን ነበር። ያለ የሌለውን ድንጋይ ላይ አውዬ ወታደር የሚመለመልበት ቤት እንኳ አልሠራሁም። አቡ ነዋፍ ሲዋጉ ብቻ ስለሚመለከት ገና አላወቀም። ሀዋ አሕመድ መጠርጠር ጀምሯል፣ ያለሽን ላኪ አለችኝ። ያሉኝ ገበሬዎች ነበሩ። ከስድሳው ገበሬ አምሳ አምስቱን መጥረቢያና መቆፈሪያ እንዳስያዝኩ በሯ አስገባኋቸው፤ አምስቱን ግን ከኋላ አስቀርቼ የራሴን በር ዘጋሁባቸው።

ገበሬ ቤተ መንግሥት ሲያፈርስ አይታችሁ ከሆነ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። በመጥረቢያ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ጥግ ጥጉን ይመታሉ፤ ድንጋይ ይረግፋል፤ እንደገና ይመታሉ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። አሕመድ ወታደሮቹ ወዴት እንደሄዱ ሲጠይቅ ሀዋ ከኋላ ሊከቧት ነው ትለዋለች። አቡ ነዋፍ ጉልበቱን ይዞ ይወዛወዛል። ዙሁር አዛን አለ፤ ሰግዶ ተመለሰ፤ ገበሬዎቹ እዚያው ናቸው። እኔ የማየው የግድግዳውን ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የመጨረሻው ግንብ ወደቀና ላፕቶፑ ርችት ተኮሰ።

ከሀሩብ በኩል አሕመድ «በገበሬ?» አለ።

አቡ ነዋፍ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለወንድሙ ሊደውል ስልኩን አነሳ፤ ከዚያ ለአክስቱ ልጆች፣ ከዚያ ሪያድ ላለው ልጁ። ነጠላ ጫማውን በእጄ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። በአራተኛው ስልክ ላይ ጫማውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት፤ በአምስተኛው ላይ ኡም ነዋፍ ራሷ ተነስታ መስመሩን ዘጋችበት። ከአሕመድ ግጥም ስለገላገልኳት ነው መሰለኝ። «ያላ፣ የሰዎቹን ጉዳይ ጨርስ» አለችው።

እረኛው እየነዳ ሾፌር ሊሆን ወሰደው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሻንጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ተገልብጠዋል፣ ቢሮው ቀድሞ ዘግቷል፣ የፈረመው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ሁሉንም በየተራ አየሁ። ሙሄ ሲገባ ወረቀቱን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ነው። የግል ሾፌር ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ማኅተሙን። ከዛሬ ጀምሮ ፍየሎቹን አላውቃቸውም አለኝ።

ምሕረቱ ካለቀ በኋላ የመጣው እኔ ከፈራሁት አላነሰም። ከእኛ ሰፈር ኋላ ያለው ሕንጻ በሁለት ቀን ባዶ ሆነ፤ በር ላይ የተሰጣ ልብስ የሚያነሳው ጠፍቶ ሳምንት ሙሉ ነፋስ መታው። ሙሄን ሦስት ጊዜ አስቆሙት። ሦስቴም ካርዱን አይተው ለቀቁት። ክኒኑንና ነጠላ ጫማውን አውጥቼ ማቆያው ላሉ ሰዎች ብርድ ልብስ ከሚሰበስቡት ሴቶች ጋር ላክሁት።

ሀዋ ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተሸነፈች፤ አንዱን ጊዜ የራሷን ግንብ ራሷ አፍርሳ። አሕመድ ገድ የለሽ ናት ብሎ በታኅሣሥ ኹሩጇን ሰጣት። ባቲ እንደገባች ሐይቅ ሄዳ ለዘሃራ የላክሁላትን ቦርሳ አደረሰችልኝ። ልጅሽ አድጋለች፣ ቁመቷ በልጦኛል ብላ ደወለችልኝ። አራት ዓመት ነው ያላየኋት። ከዚያ ሀዋ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትመጪ አለችኝ።

ለረመዳን ሰሞን ዕረፍት ጠይቄ ነበር። አቡ ነዋፍ ደግ ሰው ስለሆነ ኢንሻአላህ አለኝ። ግን አሁን አንድ ኩዌታዊ አለ፤ ኩዌታዊውን ከረታን በኋላ አንድ ግብጻዊ መሐንዲስ ይጠብቀናል። የጂዛኗ ኡም ዘሃራ እያሉ በኔት ያውቁኛል አሉ።

«እታለም፣ ለእኔ የነገርሽኝን ረሳሽው? ተሸነፊያ» አለች ሀዋ።

አልረሳሁትም። በየጠዋቱ ዛሬ እሸነፋለሁ ብዬ ነው የምቀመጠው። በሩን እከፍታለሁ፣ ወታደሮቹን ዳር እልካለሁ፣ እጄን ከማውሱ አነሳለሁ። የኩዌታዊው ፈረሰኞች ከሩቅ አቧራ ሲያስነሱ አያለሁ። ገበሬዎቼ በሩ አጠገብ ያርሳሉ፤ የመጣውን አላዩም። ጣቴ ሄዶ በሩን ይዘጋል። ቀጥሎ ማሻአላህ ሲል አቡ ነዋፍን እሰማለሁ።

ባለፈው ዓርብ ዘሃራ በስልክ፣ እማ፣ ይህን ያህል የያዘሽ ሥራ ምንድን ነው አለችኝ። ጥበቃ ነው አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተናገርኩት ከነከነኝ፤ ካርዴን አውጥቼ አየሁት። የቤት ሠራተኛ ይላል። ባዶውን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ፣ አሁን የራሴን ሁለት ጥንድ ካልሲ ከተትኩበትና ከበሩ ጀርባ አስቀመጥኩት።